ከቅባቱ በፊት እንወቀው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቀደም ለመግሪብ ውዱእ እያደረግን አንድ ወንድማችን ጠጋ ብሎ "ያቺ ቅባት አሁን ማን ጋ ናት?" ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የትኛዋ እንደሆነች ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አንድ ልጅ ያለ ሐኪም ማዘዣ የገዛት፣ ከታች ወደ ላይ እየተጠቀለለች ልታልቅ የደረሰች ትንሽ ቱቦ ናት። ከዶርም ዶርም ስትዞር ሴሚስተሩ ተጋመሰ። አንዱ ለእግር ጣቱ መሃል፣ አንዱ ለአንገቱ፣ አንዱ ለጭኑ፣ ሌላው ደግሞ ለፊቱ ብጉር ቀብቷታል። ሁሉም "ታሳርፋለች" ይላል። የዳነ ግን የለም። ጠያቂው ወንድማችንም ሲፈልጋት ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ብዕር ያስነሳኝ የእሱ ጥያቄ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለዚህ መድኃኒት ላዝዝላችሁ አልጽፍም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቆዳችን፣ ራሳችንና ጥፍራችን ላይ የሚወጣውን ፈንገስ በምልክቱ ለይተን አናውቀውም፤ ስለማናውቀውም ያገኘነውን እንቀባለን፤ የቀባነውንም ለወንድማችን እናቀብላለን። ብዙዎቻችን ይህን ትንሽ ነገር አድርገን እናየዋለን። እኔ ትንሽ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴን ከራሴ ልጀምር።

ብዙዎቻችሁ ያለ ቆብ አይታችሁኝ አታውቁም። "ማሻአላህ፣ ሱናውን ይዟል" የሚሉኝ አሉ። ሱናውን እወደዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ቆብ ማድረግ የጀመርኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። አናቴ ላይ በስተቀኝ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ አለ።

ያደግኩት ጨፋ ሮቢት ነው። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እንውል ነበር። መድረሳ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን እንቀራለን፤ ቆብ እንዋዋሳለን፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ለጁሙዓ እንድንዘጋጅ አንድ ትልቅ ደረሳ ተራ በተራ ራሳችንን ይላጨናል። ምላጩ አንድ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ራሴ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። ፀጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ ጥቁር ነጥብ የመሰለ ጉቶ ብቻ ቀረ። "ቆረቆር ነው፤ የልጅ ነገር ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል" ተባለ። ነጭ ሽንኩርት ታሸልኝ፤ ቤንዚንም ተቀባሁ። ቆይቶ ቦታው አበጠ፤ ሲነኩት ለስላሳ ሆኖ መግል ያወጣ ጀመር። ከጆሮዬ ጀርባ ንፍፊት ወጣ፤ ትኩሳትም ያዘኝ። "እባጭ ነው" ተብሎ በምላጭ ተበጣ። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ሆነ፤ ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም።

ማንንም አልወቅስም። እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አደረገችልኝ፤ ያ ደረሳም በነጻ ነበር የሚላጨን፤ አላህ ጀዛውን ይክፈለው። ሁሉም አዝነውልኝ ነው ያደረጉት። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም። ያስፈልገኝ የነበረው ለጥቂት ሳምንታት የሚዋጥ ኪኒን መሆኑን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ የጤና ተማሪ ከሆነ አንድ የጀመዓችን ወንድም ነው። ያን ቀን ማታ ብዙ አሰብኩ። እኔ ዘንድ ያለፈው አልፏል። ዛሬ ያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ልጆች ግን አሉ።

ፈንገስ ማለት ሩቅ ነገር አይደለም። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፣ ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚለው እንጉዳይ ሁሉም ፈንገስ ናቸው። ሰው ላይ የሚወጡት አብዛኞቹ ምግባቸው ከቆዳችን የላይኛው ሽፋን፣ ከፀጉራችንና ከጥፍራችን የተሠራበት ጠንካራ ነገር ነው። ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ። ከሰው ወደ ሰው፣ ከፎጣና ከማበጠሪያ፣ አንዳንዶቹም ከእንስሳ ይተላለፋሉ። የጨፋን መስክ የሚያውቅ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ቦርከና የሚያጠጣው ያ ረግረግ በበጋም ስለማይደርቅ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብት ይነዳበታል። ጥጃ ዓይኑ ዙሪያና ፊቱ ላይ አመድማ ቅርፊት አውጥቶ ያየ እረኛ ብዙ ነው። እሱም ፈንገስ ነው፤ ጥጃውን አቅፎ ወደሚያስረው ልጅ ክንድና አንገት ይሻገራል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ ልምጣ። ስሞቹ ከአገር አገር ይለያያሉ፤ አንዱ ጭርት የሚለውን ሌላው ቋቁቻ ይለዋል። ስለዚህ ስሙን ትተን መልኩን እንያዝ።

ገላ ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ክብ ነው። ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ቅርፊት ይኖረዋል፤ ያሳክካል። መሃሉ ግን እየጠራ ይሄዳል። ደረቅ ሣር ላይ የተለቀቀ እሳትን አስቡ፤ መሃሉን ጨርሶ በዳር በዳር ይሰፋል። ብሽሽት ውስጥ ሲሆን ክቡ ግማሽ ሆኖ ወደ ጭን ይወርዳል። ወንዶች በሐፍረት ብዛት ለወራት የሚደብቁት ይህን ነው።

ራስ ላይ የሚወጣው በብዛት ጉርምስና ያልደረሱ ልጆችን ይይዛል። ቅርፊት፣ ቦታ ቦታ የሳሳ ፀጉር፣ ተሰብሮ የቀረ ጥቁር ነጥብ፣ ከጆሮ ጀርባና ከአንገት ኋላ ንፍፊት ምልክቶቹ ናቸው። አብጦ ለስልሶ መግል ካወጣ ጊዜ የለም፤ በቶሎ ካልታከመ የእኔን ዓይነት ጠባሳ ይተዋል። ይህኛው በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ላይ ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም። ጤና ባለሙያ የሚያዝዘው፣ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል።

እግር ላይ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በትንሿ ጣትና በአጎራባቿ መካከል ነው። ቆዳው ነጭ ሆኖ ውሃ እንደዋለበት ይልፈሰፈሳል፤ ይሰነጠቃል፤ ይሸታል፤ ያሳክካል። ስንጥቁን አትናቁት። በዚያች ቀዳዳ ባክቴሪያ ገብቶ እግር እስከ ቅልጥም ድረስ ሊቀላ፣ ሊያብጥና ሊያተኩስ ይችላል። ስኳር ያለባቸው ወላጆች ያላችሁ ይህን በተለይ ያዙት፤ ለእነሱ የእግር ጣት ስንጥቅ ቀላል ቁስል አይደለም።

ጥፍር ሲይዝ ጥፍሩ ይወፍራል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ ከጫፉ ይፈረፈራል። በአጭር ጊዜ የሚድን አይደለም፤ ጥፍሩ እስኪያድግ ወራት ይወስዳል።

ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻና አንገት ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት አለ። ሲቧጭሩት ደቃቅ ቅርፊት ይነሳል፤ ማሳከኩ ትንሽ ነው ወይም የለም። አምጪው ሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ ነው፤ ሙቀትና ላብ ሲበዛ ይበረታል። ስለዚህ በንክኪ አይተላለፍም። በዚህ ምክንያት ጓደኛውን የሚሸሽ ሰው ያለ ጥፋቱ ሰው ይጎዳል። ከዳነም በኋላ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ሊቆይ ስለሚችል "መድኃኒቱ አልሠራም" ብሎ ሌላ ቅባት ማሳደድ አያስፈልግም።

ከቆዳ የሚያልፍም አለ። አፍ ውስጥ ምላስና ጉንጭ ላይ የሚወጣ ነጭ ሽፋን፣ በተለይ መዋጥ ሲያስቸግር፣ የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ሊያመለክት ይችላል፤ ስኳርና ኤች አይ ቪ መመርመር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። መከላከያው የተዳከመ ሰው ለቀናት ወይም ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ የእይታ ብዥታና የአእምሮ መደናገር ከታየበት ፈንገሱ የአንጎል ሽፋን ላይ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ሆስፒታል ነው። እሾህ በወጋው እግር ላይ ሕመም ሳይኖረው ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ ብዙ ቀዳዳ አውጥቶ ከመግሉ ጋር ጥቁር፣ ነጭ ወይም ቢጫ ፍሬ የሚያፈስ እብጠትም አለ። የእኛ ቆላ ግራር የበዛበት፣ ሰዉም ባዶ እግሩን የሚሄድበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን በሽታ ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ድርጅት ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር አወጣ። ዓለም ራሱ ጉዳዩን ማየት የጀመረው ገና አሁን ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እያንዳንዳችን በመስታወት ፊት ሐኪም እንድንሆን አይደለም። እንዲያውም ፈንገስ የሚመስል ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ የሚጀምር፣ ዶርሙን በሙሉ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ቅርፊት የሌለው እንደ ወተት የነጣ ቦታ ለምጽ ሊሆን ይችላል፤ ለምጽ ደግሞ አይተላለፍም።

ከሁሉም በላይ አንዱን ለዩልኝ። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካያችሁ ቅባት አትንኩ። መርፌ ወይም ሙቀት የማይሰማው ቆዳ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። "ጭርት ነው" እየተባለ ዓመታት ካለፉ ነርቭ ይጎዳል፤ ጣትና ዓይን ይጠፋል። በጊዜ ከተያዘ ግን የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ የሚሰጥና የሚያድን ነው። እኛ ደግሞ ሩቅ አይደለንም፤ ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደሴ አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርትም ከ1958 ዓ.ም ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። የሚያሳክከውን ከማይሰማው መለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የአንድ ሰው እጅ ግን ሊተርፍበት ይችላል።

እንግዲህ ወደዚያች ቱቦ ልመለስ። ላዩዋ ላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፤ ቤታሜታሶን ይላል። ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ በትክክለኛው ቦታና በሐኪም ትእዛዝ ትልቅ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን የሰውነትን ቁጣ በማብረድ ነው። ቅላቱና ማሳከኩ የሰውነታችን መልስ ነው፤ ስቴሮይዱ መልሱን ዝም ያሰኘዋል፤ ፈንገሱ ግን ተቃዋሚ አጥቶ ይሰፋል። ለዚህ ነው ሦስት ቀን "አሳርፋኝ" በአራተኛው ሳምንት እጥፍ ሆና የምትመለሰው። በሕንጻ ግንባታ ትምህርት ግድግዳ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ መሠረቱ እየሰመጠ እንደሆነ እንድንጠይቅ ይነገረናል። ስንጥቁን በልስን ደፍኖ ቀለም የቀባ ሰው ቤቱን አልጠገነም፤ ምልክቱን ነው ያጠፋው። በኋላ የሚመጣው መሐንዲስም የሚያየው ነገር ያጣል። ቆዳም እንደዚሁ ነው፤ ስቴሮይድ የተቀባ ፈንገስ ክብ ጠርዙ ጠፍቶ ሐኪሙን ራሱን ያሳስታል። በዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ቆዳ ይሳሳል፤ ብሽሽትና ብብት ላይ የማይጠፋ ሰንበር ይቀራል። ፊታቸውን ለማቅላት ይህንኑ ቅባት የሚጠቀሙ እህቶችም አሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

ጉዳቱ በአንድ ሰው ቆዳም አይቆምም። በቅርብ ዓመታት በሕንድና በአካባቢዋ በተለመደው መድኃኒት አልበገር ያለ የቆዳ ፈንገስ ተስፋፍቶ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሯል። ባለሙያዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ስቴሮይድ የተደባለቀባቸው ቅባቶች ያለ ማዘዣ በየሱቁ መሸጣቸው ነው። ጀምሮ ማቋረጥ፣ ለጓደኛ ማቀበል፣ ሲያሳክክ ብቻ መቀባት ሁሉም ለዚህ መንገድ ይጠርጋሉ።

"ታዲያ ተማሪ ነን፤ ገንዘብ ከየት እናምጣ? የግቢው ክሊኒክ ሰልፉ ረጅም ነው፤ አይተውም በአንድ ደቂቃ ነው የሚያሰናብቱን" የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት አለው። እኔም ተሰልፌ አውቃለሁ። ምልክቱን ማወቅ የሚጠቅመው ታዲያ ለዚህ ነው። አንዲት ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ሊናገር የሚገባውን ይዞ ይግባ፦ መቼ ጀመረ፣ የት ጀመረ፣ ያሳክካል ወይስ አይሰማም፣ ዶርም ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ሌላ የያዘው አለ ወይ፣ እስካሁን ምን ተቀባሁ። የመጨረሻዋን አትደብቁ። ካልተረጋገጠም ምርመራው ከባድ አይደለም። ከጠርዙ ትንሽ ቅርፊት ተፍቆ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። "ቅርፊቱ ተፍቆ ይታይልኝ" ብሎ በአክብሮት መጠየቅ መብታችን ነው። ለቀላሉ የገላና የእግር ፈንገስ የሚሆነው እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባትም ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ውድ አይደለም። ግን ሲያሳርፍ ሳይሆን የታዘዘው ቀን ሲሞላ ነው የሚቆመው።

ሌላው የምሰማው "ተወኩል እናድርግ፤ ሩቅያ ይበቃል" የሚለው ነው። ዱዓና ሩቅያ የእምነታችን አካል ናቸው፤ እኔም አልተዋቸውም። ግን ከነቢያችን ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም የተላለፈልንን እናስታውስ፤ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። መድኃኒቱ ካለ መፈለጉ የእኛ ድርሻ ነው። ደግሞም በራስ ላይም ሆነ በሌላ ላይ ጉዳት ማድረስ እንደማይፈቀድ በፊቅህ ትምህርታችን የተማርነው ለገበያና ለድንበር ክርክር ብቻ አይደለም። ያለበትን እያወቀ ፎጣውን ለጓደኛው የሚሰጥ፣ ያልታወቀ ቅባት ለወንድሙ የሚያቀብል ሰው ይህ ይመለከተዋል ብዬ አምናለሁ። ወላሁ አዕለም።

"በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እያደረግን እንዴት ይይዘናል?" የሚሉም አሉ፤ በተቃራኒው "ውዱእ ነው የሚያመጣው" የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተገናኙም። መታጠቡ ንጽሕና ነው፤ ፈንገስ የሚወደው ከታጠብን በኋላ በጣት መሃል ትተነው የምንሄደውን እርጥበት ነው። ነቢያችን ያስተማሩን ውዱእ በጣቶች መካከል ጣት ማስገባትን ይጨምራል። ያቺን ሱና ስንቶቻችን እንሠራታለን? ብዙዎቻችን ውሃውን ከላይ አፍስሰን፣ እርጥብ እግራችንን ካልሲ ውስጥ ከትተን ወደ ክላስ እንሮጣለን። ያው ካልሲ እስከ ዒሻ ይውላል። ከውዱእ በኋላ በፎጣ ማድረቅን ብዙ ዑለማዎች ይፈቅዱታል፤ ስለዚህ በኪስ የምትያዝ የራስ የሆነች ትንሽ ጨርቅ ትበቃለች። የተሰነጠቀ እግር ወይም ቁስል ኖሮት ውሃ የሚጎዳው ካለም ዲናችን ገር ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ፤ ዝም ብሎ አይሰቃይ።

ለእህቶቼም አንድ ቃል። እርጥብ ፀጉር ላይ ሂጃብ ጠቅልሎ መዋል ሙቀትና እርጥበት አብሮ ማቆየት ነው። ችግሩ እርጥበቱ እንጂ ሂጃቡ አይደለም። ዶርም ውስጥ ፀጉርን አድርቆ መውጣት፣ ከውስጥ የሚደረገውን ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ ማበጠሪያ አለመዋዋስ ይጠቅማል። ራስ የሚያሳክካት እህት "ማን ያየዋል" ብላ ዓመት ሙሉ ዝም ማለት የለባትም፤ ሴት የጤና ባለሙያ እንድታያት መጠየቅ ትችላለች።

በመጨረሻ ጀመዓችን ምን ቢያደርግ ይሻላል? ሐሳቤን በግልጽ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በውዱእ ቦታ ሁላችንም የምንጫማቸው ነጠላ ጫማዎች ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይዋሉ። የሚችል ሁሉ የራሱን ይዞ ይምጣ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተራ ማውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እኔ እሠራለሁ።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን የጤናና የፋርማሲ ተማሪዎች አሉ። በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ፣ ለወንድም ለብቻ ለእህት ለብቻ፣ አንድ ሰዓት ይስጡን። መድኃኒት እንዲሰጡን አይደለም። ምልክቱን በሥዕል ያሳዩን፤ የትኛው ቅባት ስቴሮይድ እንደሆነ ከቱቦው ላይ ማንበብ ያስተምሩን።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የክረምት እረፍት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደ ጨፋ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴ እንመለሳለን፤ በየመድረሳው ልጆች እናስቀራለን። ዘንድሮ ስናስቀራ የልጆቹን ራስም እንይ። ቅርፊት፣ የተሰበረ ፀጉር፣ ንፍፊት ካየን ልጁን ከሰው ፊት ሳናሳፍር ወላጁን ለብቻ ጠርተን "ይህ በቤንዚን አይድንም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የሚዋጥ መድኃኒት አለው" እንበል። ወላጅ "የልጅ ነገር ነው" ካለ ቆቤን አውልቄ አሳያለሁ፤ እናንተም የእኔን ታሪክ ንገሩልኝ። ለሚላጩት ልጆች ለእያንዳንዱ የየራሱ ምላጭ እንግዛ። የሻይ ገንዘባችን ይበቃል፤ አንድ ምላጭ ለብዙ ራስ ከፈንገስም የከፋ በሽታ ያስተላልፋልና። ሼኾቻችንም ይህን በደስታ ይቀበሉናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ልጆቹን ከእኛ በላይ የሚወዷቸው እነሱ ናቸው።

ያችን ቱቦ በተመለከተ፣ በመጨረሻ ያለችበትን አገኘኋት። ለጠየቀኝ ወንድም አልሰጠሁትም፤ ተቀየመኝ። በማግስቱ አብሬው ክሊኒክ ሄድኩና አብሬው ተሰለፍኩ። ያየው ባለሙያ ያዘዘለት ሌላ ቅባት ነው፤ ለስንት ሳምንት እንደሚቀባም ነገረው። ገና አልጨረሰም። ቀኑን ግን አብረን እየቆጠርን ነው፤ ቅያሜውም አልሐምዱሊላህ ቀረ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ አፊያን ይስጥልን፤ የተማርነውን የሚጠቅም እውቀት ያድርግልን፤ በእኛ ምክንያት ወንድሞቻችን ከመጎዳት ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።